ደሙ ሳይበርድ

አብነት አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅኩት ቁስለኛ የወለቀ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ነበር። ምን እንደመታው ስጠይቀው ደሙን ተፋና «ደረጃ አዳልጦኝ ነው» አለኝ። ከእሱ ቀጥሎ የገባውን፣ ጉንጩ ከጆሮው እስከ ከንፈሩ ተተልትሎ የተሰፋውንም ደረጃ አዳልጦት ኖሯል። የመርካቶ ደረጃ ጉድ ነው፤ ቢላም ይይዛል።

እዚያ የደረስኩት በልመና ነው። ጤና ሳይንስ ስማር በነጻ የሚያሠራኝ ተመራማሪ ፍለጋ ያላንኳኳሁት የመምህር በር አልነበረም። የምርምር ልምድ ከሌለኝ ለሁለተኛ ዲግሪ ዞር ብሎ የሚያየኝ እንደማይኖር ገብቶኛል። አንዱ መምህር «ልምድ አለሽ?» አለኝ። ልምድ ፍለጋ ለመጣ ሰው ይህም ጥያቄ ሆኖ! በመጨረሻ አንዲት መምህርት በገበያ ጠብ ስለሚደርስ ጉዳት እያጠኑ መሆኑን ሰምቼ ቢሯቸው በር ላይ ጠበቅኳቸው። አባቴ ሶማሌ ተራ ብርድ ልብስ እንደሚያከፋፍል ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«እንግዲያው ሞክሪ፤ ቁስለኞቹ ለእኛ አንናገርም ብለዋል። ላንቺም ካልተናገሩ ግን ጥናቱን እዘጋዋለሁ» አሉኝ።

ለምን እንደማይናገሩ አውቅ ነበር። በእኛ ሰፈር ሰው ከተደባደበ ፖሊስ ሳይሰማ ሽማግሌ ይገባል። ሽማግሌ ከገባ ደግሞ የተመታ ሰው የመታውን አይጠራም፤ ጠቡ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ቁስለኛው ተሰፍቶ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ይጠብቁታል። እኛ የምንጠይቀው ከተሰፋ በኋላ፣ ለብቻው፣ በር ዘግተን ነበር። እኔ ግን ገና እንደገባ፣ ኮሪደሩ ላይ ተራ ሲጠብቅ፣ ደሙ ሳይበርድ ለመጠየቅ ወሰንኩ።

ዘዴዬ ሠራ። በንዴት የሚንቀጠቀጥ ሰው መናገር ብቻ ሳይሆን ይጮሃል። በድንጋይ፣ በጩቤ፣ በጠርሙስ ስባሪ እንደተመታ ይነግረኛል፤ አንዱማ እንዴት እንደተረገጠ ሊያሳየኝ ወንበሩን በእርግጫ ሰበረው። ደሙ ጫማዬ ላይ ሲንጠባጠብ እኔ በደስታ እበር ነበር። መምህርቷ «ረዳቴ ነሽ» አሉኝ፤ የድጋፍ ደብዳቤም ሊጽፉልኝ ቃል ገቡ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ተሸካሚ ግንባሩ ተሰንጥቆ፣ ጓደኞቹ ብብቱን ደግፈው አስገቡት። ፈቃዱን ተቀብዬ ምን እንደመታው ጠየቅኩት።

«በብረት ነው! ያ የላሜራ በር የሚጎትቱበት ብረት! ጭነቱን ሱቁ በር ላይ ትንሽ ባሳርፍ እንደ ውሻ ቀጠቀጠኝ!»

«የት?» አልኩ። ይህን መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ጥናታችን ቦታና ስም አይፈልግም።

«ሶማሌ ተራ! የብርድ ልብስ አከፋፋዩ ልጅ፣ ያ ረጅሙ!»

ወንድሜ ነው። የተሸካሚው ጓደኞች እስከዚያ ድረስ ማን እንደመታው አላወቁም ነበር፤ ወድቆ ነው ያገኙት። ተያዩና እየሮጡ ወጡ። በሰው መሃል እየተጋፋሁ ሮጥኩ፤ ለወንድሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። ኩሊ መርካቶን ከእኔ በተሻለ ያቋርጣል።

ስደርስ ከሱቁ ጎትተው አውጥተውት ነበር። መሬት ላይ ነው፤ በጫማ ፊቱን ይረግጡታል፤ አንዱ በዚያው የበር ብረት ክንዱን ሲመታው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። አባቴ «በአላህ ይዣችኋለሁ!» እያለ ልጁ ላይ ተደፋ፤ እሱንም ወረወሩት። እኔም የአንዱን ጀርባ ነከስኩ፤ ጨርቅና ላብ አፌን ሞላው። ጎረቤት ነጋዴዎች ቆርቆሮ እየደበደቡ ሲመጡ ነው የበተኗቸው። የወንድሜ ግራ ዓይን ግን ጠፍቶ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ አባቴ ተሸካሚው ማን እንደመታው የተናገረው ለእኔ መሆኑን ሲሰማ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለና ዞረ። ከዚያ በላይ አልተቆጣኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌ ገባ። የሁለቱም ወገን አገር ጉራጌ ስለሆነ ነገሩ ብዙ አልቆየም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ጠቡማ በግንባር ስንጥቅ ባለቀ ነበር፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ እኔን ሳያዩ። ተናደድኩ። «ጋሼ፣ ብረቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ?» አልኳቸው። እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ዱዓ ተደረገ፤ ተሸካሚውና ወንድሜ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

ምርምሩን አልተውኩም፤ አሁን ቁስለኛው ከተሰፋ በኋላ በር ዘግቼ ነው የምጠይቀው። ተሸካሚው የአባቴን ጭነት ይሸከማል፤ ከወንድሜ ጋር ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ አያለሁ። እኔ ስገባ ወንድሜ ፊቱን ያዞራል። እውነቱን ለመናገር እኔም ተቀይሜዋለሁ፤ ሸክም ላሳረፈ ሰው ብረት የሚያነሳ እሱ ነው። ቢሆንም ባለፈው ኢድ አላስችል አለኝና ሄጄ እጄን ዘረጋሁለት።

እጄን አየው። ጓደኞቹ ዓይኑን ያጠፉበት ተሸካሚ ጎኑ ተቀምጧል።

«ሽማግሌ ላኪ» አለኝ።