የልጄን ፈተናና ምስጋና ስተረጉም

ልጄ ለስድስት ወር የወንጌል አገልግሎት ማላዊ ስትሄድ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ በስደት በምንኖርበት ስካርቦሮ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሚሲዮናዊ ሲልክ የመጀመሪያው ስለነበር፣ ሽማግሌዎቹ እጅ ጭነው ሲጸልዩላት ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። እኔም አለቀስኩ። ለሰው የደስታ ነው አልኩ እንጂ ግማሹ ኩራት ነበር።

እውነቱን ልናገር አይደል? ከባሌ ከተፋታሁ ጀምሮ እዚያ ጉባኤ ውስጥ ዞር ብሎ የሚያየኝ አልነበረም። ከኋላ እገባለሁ፣ ከኋላ እወጣለሁ። ልጄ በሄደች በሳምንቱ ግን "የሚሲዮናዊቷ እናት" ተባልኩ፣ የፊት ወንበርም ተያዘልኝ። ወይ ጉድ! በዚህ ዕድሜ ሰው በወንበር ይታለላል? እኔ ተታለልኩ።

ሥራም ተሰጠኝ። ልጄ በየቀኑ ሁለት ነገር ትጽፋለች፦ የዕለቱን ፈተናና የዕለቱን ምስጋና። ትልልቆቹ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ እኔ በአማርኛ በድምፄ ቀድቼ የቤተ ክርስቲያናችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እለቃለሁ፤ እነሱም ያንን ይዘው ይጸልያሉ። የምቀዳው ጠዋት ጠዋት፣ ወደምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። "ፈተና፦ የጉድጓዱ ፓምፕ ተበላሽቶ ውሃ የምንቀዳው ከወንዝ ነው። ምስጋና፦ አንዲት ጎረቤት ሦስት እንቁላል በሻርፗ ቋጥራ አመጣችልኝ።" ሌላ ቀን ደግሞ፣ "ፈተና፦ ወባ ያዘኝ። ምስጋና፦ ሴቶቹ ተራ ገብተው አስታመሙኝ፤ አንዷ እግሬን እያሸች ስትዘምር እንቅልፍ ወሰደኝ።" አቤት፣ ያን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሶፍት ሰጠኝ። ያቺን እግር ያሸች ሴት እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ።

በሦስተኛው ወር ነገሩ ተለወጠ። "ፈተና፦ ሳምንቱን ሙሉ የጸለይኩለት ሕፃን ሞተ። ምስጋና፦ ዛሬ የለኝም።"

ምስጋና የለኝም ይባላል እንዴ? እንዴት አድርጌ ለእነዚያ ሽማግሌዎች እንዲህ እላለሁ? ስልኬን አፌ አጠገብ ይዤ፣ "ሕፃኑን ጌታ ወደ እቅፉ ሰበሰበው፤ እናቱም ተጽናንታለች፤ ስለዚህም እናመሰግናለን" አልኩ። መጽናናቷን ማን ነገረኝ? ማንም። ግሩፑ ግን አሜን፣ አሜን አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ረዘም ያለ መልእክት መጣ። "እማ፣ መጸለይ አቃተኝ። አፌን እከፍታለሁ፣ ምንም አይወጣም። ሰዎቹ መልካም ናቸው፣ እኔ ግን እየሰጠምኩ ነው። ስድስት ወሩን ስጨርስ ወደ ቤት መምጣት እፈልጋለሁ። ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ መናገር አልችልም።"

ሽማግሌዎቹ አንድ ዓመት ሊጨምሩላት እንዳሰቡ እኔም እሷም እናውቅ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ያ ወንበር ታየኝ። ደግሞም ያልፍላታል፣ ልጅነት ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። "ሸክሟ ከብዷልና ብርታት ለምኑላት፤ ልቧ ግን እዚያው ነው" ብዬ ቀዳሁ። ለእሷ ደግሞ፣ "ነግሬያቸዋለሁ፣ እየጸለዩበት ነው" ብዬ ጻፍኩ። ለሁለቱም ዋሸሁ። ምነው ያን ጊዜ ጌታ ይሄን አፌን በዘጋው!

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ትልቁ ሽማግሌ እየሳቁ መጡ።

"እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ! ትናንት ደውዬላት ነበር።"

"ለማን?"

"ለልጅሽ ነዋ! 'እናትሽ ልብሽ እዚያው እንደሆነ ነግራናለች፣ ዓመቱን እንጨምርልሽ ወይ?' ብላት፣ 'እሺ' አለችኝ። ያውም በአማርኛ!"

"ሌላ ምን አለችዎት አባባ?"

"ሌላማ ምንም። ትሑት ልጅ ነው ያሳደግሽው።"

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ሴቶቹ ከበውኝ እያቀፉ ይስሙኛል፤ እኔ እቴ፣ "ጌታ ይመስገን" አልኩ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ደወልኩላት። አላነሳችም። "የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬውኑ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ነይልኝ" ብዬ ጻፍኩላት። ማታ መልስ መጣ፦ "ችግር የለም እማ።"

አልነገርኳቸውም። አንድ ሁለቴ አባባን ፈልጌ ሄጄ፣ ስለ ጤናቸው ጠይቄ ተመለስኩ። ፊት ወንበሩ ላይ አሁንም እቀመጣለሁ፤ መዝሙሩ ሲጀመር አፌ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለኝም። ስደውልላት አታነሳም። የዕለቱ መልእክት ግን አንድም ቀን አልቀረም፤ ጠዋት አውቶቡስ ሳልሳፈር ይደርሰኛል፣ በየቀኑም ያው ነው።

"ፈተና፦ የለም። ምስጋና፦ ሁሉም ደህና ነው።"

ዛሬም እንዳለ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተርጉሜ ለቀቅኩት። የሥራ ልብሴን ሳልለብስ ግሩፑ በአሜን ሞልቷል።