ቀይ ቀበሮ የሚታይበት ሌንስ

የጥር ሰርግ ወገቤን ሰብሮ ነው የለቀቀኝ። የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ሥራዬ ሰው ሁሉ ሲበላ ቆሞ ማየት ነው። "ሳቁ"፣ "ጠጋ በሉ"፣ "እማማ፣ ወደዚህ ይመልከቱ" ስል ውዬ ማታ የልደታ ኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስወጣ ሰላም የምልበት አፍ እንኳ አይተርፈኝም። ያን ሰሞን ግን የመጨረሻውን ሰርግ ለጓደኛዬ አሳልፌ ሰጠሁ። አባቴን ወደ ባሌ ተራሮች ልወስደው ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የቱሪስት ሹፌር ነበር። ፈረንጆቹ ከመኪናው ጣሪያ ብቅ ብለው ቀይ ቀበሮ ፎቶ ሲያነሱ እሱ መሪውን ይዞ ይጠብቃል። አሁን የዓይን ግፊት ይዞታል። ሐኪሟ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ብላናለች። እኔም የቀረው ሳያልቅ አንድ ጊዜ እንኳ ተረጋግቶ፣ በሌንስ አቅርቦ ቀበሮዋን እንዲያያት ፈለግሁ።

ችግሩ ሌንሱ ነው። የኔ ሰውን ከቅርብ ለማንሳት የሚሆን ነው፤ በሱ ቀበሮ ቢያነሱ ምስር የምታክል ነጥብ ናት የምትወጣው። አብነት ሰፈር የካሜራ ዕቃ የሚያከራይ ባልደረባዬ መታወቂያዬን መያዣ ተቀብሎ ሁለት ሌንስ ሰጠኝ። አንዱ መካከለኛና ቀላል፣ ሌላው ረጅም፣ ክብደቱ የተኛ ሕፃን የማቀፍ ያህል። "ሞክሪና የማትፈልጊውን መልሺ" አለኝ። ወገቤ ቀላሉን ያዢ ይለኛል። ግን የሚያይበት አባቴ ነው፣ እሱ ይምረጥ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ወንበር አወጣሁለት። ከፊት ለፊት ብሎክ ያለችው ጎረቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ቀይ ብርድ ልብሷን ታሰጣለች፤ ቀበሮው እሱ ይሁን ተባባልን። መጀመሪያ በመካከለኛው አየ። "ይታያል፣ ምንም አይልም" አለ። ረጅሙን ቀየርኩለትና ከሥር ደግፌ ያዝኩለት።

"ይሄማ ሌላ ነው" አለ። "የጠርዙ ስፌት ሳይቀር ይታያል። ይሄን ውሰጂ።"

እሰይ፣ ተገላገልኩ ብዬ ካሜራውን ልቀበለው ጎንበስ ስል የሌንሱ ክዳን እንደተገጠመ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሠራ እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም፤ ድካም ነው። አባቴ ያየው ድፍን ጨለማ ነበር።

ቀስ ብዬ ክዳኑን ነቀልኩት። ቀጭ ሲል ሰማው። ከካሜራ ጋር የኖረ ሰው ያን ድምፅ አይስተውም።

"ተከድኖ ነበር እንዴ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

እኔ ተናደድኩ፤ በሱ ይሁን በራሴ እስካሁን አልለየሁትም። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ከገና ወዲህ። ያንቺም ፊት ጥላ ጥላ ነው የሚለኝ።"

"ታዲያ አይነገርም?"

"ደክሞሽ ስትገቢ ምኑን ልንገርሽ? ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ እኮ ነው የምትተኚው። ደግሞ ለኔ ብለሽ ሰርጉን ተውሽ። እንዴት ብዬ አይታየኝም ልበልሽ?"

የቤታችን በሽታ ይሄው ይሉኝታ ነው። አንዱ ሌላውን ላለማስጨነቅ እየዋሸ፣ ሁላችንም "ደህና ነን" እንዳልን እንከርማለን። አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"በቃ፣ ጉዞውን እንተወው" አልኩ።

"ለምን ይቀራል?" ቆጣ አለ። "እኔ ቀበሮ መች ብርቄ ሆነ? ለስንቱ ፈረንጅ 'በግራ በኩል ተመልከቱ' ስል ኖርኩ። ልጄን ግን አንድ ቀን ይዤ ሄጄ አላውቅም። እሺ ያልኩሽ ላሳይሽ ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት የምትወጣበትን ሜዳ አውቀዋለሁ፤ እዚያ አቆምሽና አንቺ አይተሽ ትነግሪኛለሽ። ረጅሙን ያዢ።"

ጎረቤታችን ወጥታ ብርድ ልብሷን ስታገላብጥ አየኋት። እሱ ፊቱን ወደዚያው እንዳዞረ ነው። እሺ ብዬ ልነሳ ነበር፤ ብዙ ጊዜ እንደማደርገው። ግን የዛሬው በቃኝ።

"አባዬ፣ ረጅሙ ይከብደኛል። ወገቤ ታሟል" አልኩት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እጁን ዘረጋ። "አምጪው" አለና ሌንሱን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። "እኔ እሸከመዋለሁ። እጄ ደህና ነው።"