ውሃ የሚፈራው ሊቀመንበር

ባሌ ደበሌ የደሴት ቀበሌ ሊቀመንበር ነው፤ ውሃ ይፈራል። ሳቁ፣ ግድ የለም! አባያ ሐይቅ መሃል ተወልዶ፣ ዓሣ በልቶ አድጎ፣ ታንኳ ላይ ሲወጣ ጠርዙን ሙጭጭ ይላል። ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙን ዓይኑ እያየ አዞ ወስዶበታል። ስለዚህ ወረዳ በጠራው ቁጥር የምቀዝፈው እኔ ጌጤ ነኝ።

ደሴታችን በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስትሆን ሰው ሞልቶባት ነበር። ማህተም መጣላት፤ ቆይቶም ጤና ኬላ ተሠራላት። ከዚያ ሐይቁ እየሞላ ማሳችንን በላው፣ ወጣቱም ባጃጅ ልንዳ ብሎ ማዶ ሲቀላ ከተማ ገባ፤ ቀረን ጥቂት አባወራ። ባለፈው ዓመት ወረዳው "ሰው ስላነሳችሁ ማዶ ካለው ቀበሌ ጋር ትዋሃዳላችሁ" አለን። ቀበሌው ከታጠፈ ጤና ኬላውም ይዘጋል። ጎረቤታችን አገርነሽ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጇ ጤና ኬላው ሳይሠራ በፊት፣ በምጥ ስትሻገር ታንኳ ላይ ሞቶባታል። "ጋሼ ደበሌ፣ አደራህን!" ብላ እግሩ ላይ ወደቀች።

ጉዳዩ ወደሚወሰንበት የወረዳ ስብሰባ የሄድን ዕለት ነፋሱ ገና በጠዋቱ ተነሣ። መሃል ስንደርስ ማዕበሉ ታንኳዋን ያንገላታት ጀመር። በግራችን አዞ ብቅ አለ። ጠለቀ። በቀኝ ብቅ አለ። "ኢየሱስ ሆይ!" አልኩ። ምን ልዋሻችሁ፣ ያን ቀን እኔም እንደ ሕፃን ፈራሁ። ደበሌ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። "አንተ ሰውዬ፣ ጌታ ሰምቶሃል! አሁን ውሃውን ቅዳ!" ብዬ ጮህኩበት። እየተንቀጠቀጠ ታንኳዋ ውስጥ የገባውን ውሃ በጣሳ እየቀዳ ደፋ። አዞው ዳር እስክንደርስ አልተለየንም።

ልብሳችን ሳይደርቅ አዳራሽ ገባን። ሰብሳቢው አቶ ሰይፈሥላሴ ደግ ሰው ናቸው፤ ቅድሚያ ሰጡት። ባሌ ንግግር አያውቅም፤ ያን ቀን ግን አንደበቱ ተፈታ። ስለ ነፋሱ፣ ስለ አዞው፣ ስለ ወንድሙ፣ ስለ አገርነሽ ልጅ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። "እናቶቻችን በምጥ ይህን ውሃ እንዲሻገሩ አትፍረዱባቸው" አለ። ኮራሁበት። አቶ ሰይፈሥላሴ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"እውነት ነው" አሉ። "እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ማስቀመጥ ኃጢአት ነው። መዋሃዱ ይቅር። ደሴቷን ለቅቃችሁ ከክረምቱ በፊት ሁላችሁም ማዶ ትሰፍራላችሁ።"

ተጨበጨበ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው! ደበሌ እጁን አወጣ፤ በጭብጨባው መሃል ግን ያየው የለም።

ስንመለስ ነፋሱ ቆሞ፣ ሐይቁ ረግቶ ነበር። ደበሌ ግን ከጠዋቱ ብሶ ይንቀጠቀጣል። "ቀስ ብለሽ ቅዘፊ፣ ጌጤ" አለኝ። "ቶሎ አታድርሺኝ።" ሰዎቻችን ዳር ላይ ተሰብስበው ሲጠብቁን ከሩቅ አየኋቸው።

አገርነሽ ሆዷን ደግፋ፣ አዞውን ሳትፈራ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ተቀበለችን።

"ጋሼ፣ ምነው ፊትህ? አላመኑህም እንዴ?"

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

"አመኑኝ" አላት።