የፊፊ ጉልበት

አሰፋሽ አንዴ እምቢ ካለች ወይ ፍንክች! በሰፈራችን ካርቲዬ ሁለት ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ ሰው ነው። አባቷ የባቡር መካኒክ ስለነበሩ እዚሁ ጅቡቲ ተወልዳ አደገች፤ ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮም ኤሮን ሰፈር በፈረንጆች ቤት ልብስ ስታጥብ ኖረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ! «የራሴ የምለው ሥራ ሳይኖረኝ አልሞትም» የሚለው ቃል ከአፏ አይጠፋም ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011 አሠሪዋ ማዳም የሥራ ዘመኗን ጨርሳ አገሯ ስትገባ ውሻዋን ፊፊን ለአሰፋሽ ትታላት ሄደች። ፊፊ ሦስት ኪሎ እንኳ የማትሞላ ነጭ ጸጉራም ናት። ስትሮጥ ድንገት የኋላ እግሯን ሰብሰብ ታደርግና በሦስቱ እመር እመር ትላለች፤ ከዚያ እግሯን ወርወር አድርጋ እንደገና በአራቱ ትሮጣለች። ያየ ሁሉ «ትጨፍራለች» እያለ ያጨበጭብላታል። የኤሮን ሴቶችም እንደሷ የምትጨፍር ቡችላ አስወልጂልን ብለው አሰፋሽን መውጫ መግቢያ አሳጧት።

ይህን የሰማው ጋሽ ይርዳው ነው። ፔካ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ የጭነት መኪና ወረቀት የሚያስጨርስ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው። የፊፊ ዓይነት ወንድ ውሻ አለው። ወንዱን እኔ፣ ሴቷን አንቺ፣ በዓመት ሁለቴ ትወልዳለች፣ ገዢ ማምጣቱን ለኔ ተዪው፣ አጠባ ቀረልሽ አላት። አሰፋሽ በደስታ አለቀሰች። ፊፊ በወንዱ የምትጠቃበት ወር ሳይደርስ ለአሠሪዎቿ ከእንግዲህ አልመጣም ብላ ተሰናበተች።

ጎረቤቷ ጀዋሪያ እንኳን ደስ አለሽ ልትላት መጣች። ሶማሌ ናት፣ ሰጋጅ ናት፤ ውሻ እንዳይነካት የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ በሩ ላይ ቆመች። ፊፊ ስትጨፍር አላጨበጨበችም። እግሯን ብቻ ትኩር ብላ አየች።

«እናቴ እንዲህ የምታነክስ ፍየል ነበረቻት» አለች። «ወተቷን ጠጣን እንጂ አውራ አላስነካናትም። ግልገሎቹም ያነክሳሉ።»

አሰፋሽ ደሟ ፈላ። ውሻ ነክታ የማታውቅ ሴት ስለ ውሻ ምን አገባት! ሦስት ቀን አኮረፈቻት። ነገሩ ግን ከሆዷ አልወጣ አለ፤ በአራተኛው ቀን ፊፊን ታቅፋ ዶክተር ባሺር ዘንድ ሄደች። ባሺር በመርከብ የሚጫኑ ግመሎችና በጎች ሲመረምር የሚውል ሐኪም ነው። በሁለት ጣቱ የፊፊን ጉልበት ያዝ፣ ገፋ ሲያደርገው የጉልበቷ ሎሚ ከቦታዋ ወጣች፤ ፊፊ ሲጥ አለች። ጭፈራ ሳይሆን ሕመም ነው፣ ለልጅም ይተላለፋል አላት። ደግሞ ይህን በምታህል ገላ ላይ ቡችላው ማህፀኗ ውስጥ ቢቀረቀርባት፣ ያውም በከምሲን ነፋስ ሙቀት መብራት በጠፋበት ቀን፣ ማን ቀዶ ያወጣላታል? ገዢዎቹስ እንደ ማዳም ሥራቸውን ጨርሰው ከሁለት ዓመት በኋላ አገራቸው ሲገቡ አንካሳዎቹን ውሾች ለማን ይተዋሉ? አንቺ ትቀበያቸዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ፊፊን መልሳ አቅፋ ወጣች።

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ስናጨበጭብ ከርመን የለ? ስንልስ ነበር እንግዲህ!

ሐኪሙ ያለውን ለጋሽ ይርዳው ስትነግረው ሳቀባት። ገዢ ጉልበት አይመረምርም፣ እኛ ካልተናገርን ማን ያውቃል አላት። እህቷ ፋናዬ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የለመንሽው ዕድል በሩን ሲያንኳኳ ለውሻ ብለሽ ታባርሪዋለሽ እያለች ደረቷን መታች። አሰፋሽ ሁሉንም ሰማች። የሚሉሽን በሰማሽ ገበያ ባልወጣሽ አለች በልቧ፤ ግን የፈራችው የሰዎቹን አፍ ሳይሆን የራሷን ልብ ነበር። ያ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ትዝ ባላት ቁጥር ልቧ ወደ ይርዳው ሐሳብ ያደላል።

ስለዚህ ተመልሳ ባሺር ዘንድ ሄደች።

«ከቶ እንዳትወልድ አድርግልኝ» አለችው። «ነገ ልቤ ይከዳኛል። ራሴንም ቢሆን አላምንም።»

ጋሽ ይርዳው በቀጠሮው ሳምንት ወንዱን ውሻ በቅርጫት ይዞ መጣ። አሰፋሽ ሁለት እጇን መቃኑ ላይ ዘርግታ ቆመች፤ ከኋላዋ ፊፊ ሆዷ በነጭ ጨርቅ ተጠምጥሞ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። ይርዳው ጨርቁን አየ፣ ገባው፣ ፊቱ ጠቆረ።

«በገዛ እጅሽ ጉሮሮሽን ዘጋሽ!» አላት።

«አዎ፣ ዘጋሁት» አለችው። «ጉሮሮው የኔ ነው፣ የፈለግሁትን አደርገዋለሁ። ጉልበቱ ግን የሷ ነው።»

በሩንም ፊቱ ላይ ጠረቀመችበት። በማግስቱ ማለዳ ኤሮን ወርዳ፣ የተሰናበተቻቸውን ሰዎች በር አንኳኩታ፣ አንገቷን ሳትደፋ ገንዳውን መልሱልኝ አለቻቸው።