በአስተርዮ ማርያም ዕለት የታጨደ ጓሳ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሕይወት በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ነፋስ መውጫ ነው የምትሠራው፤ የጉና ተራራን አውሬና ሣር ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ መካነ ኢየሱስ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው የእሷን መልእክት ነውና መነጽሬን ፈልጌ ከፈትኩት። ሦስት የቀይ ቀበሮ ቡችሎች በጉድጓዳቸው አፍ ላይ ተደርድረው ወደ እኔ ያያሉ። የመካከለኛው አንድ ጆሮው ገና አልቆመም። ከሥሩ እንዲህ ብላለች፤ «አባዬ፣ ድሮ አንድ ፈረንጅ ያነሳው ነው። ቦታውን ያሳየኝ እሱ ነው ብሎ ያንተን ስም ጽፎ አመስግኗል! ለምን አልነገርከኝም? ለጎብኚዎች በምናቆመው ሰሌዳ ላይ ከነስምህ ላወጣው ነው።»

ደስ ሊለኝ በተገባ። እኔ ግን ስልኩን በግንባሩ ደፍቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ውኃ የጠጣውን ጎመን እንደገና ሳጠጣ አረፈድኩ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ በጉና ግርጌ፣ በእስቴ በኩል፣ ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድቤ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። በአካባቢው ከእኔ በቀር እንግሊዝኛ የሚሞክር ሰው ስላልነበረ በጣም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ በጥር ወር አንድ ፈረንጅ ካሜራውንና ድንኳኑን በበቅሎ አስጭኖ ሲመጣ፣ አስተርጓሚ የሆንኩት ማንም ሳይሾመኝ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። የመጣው ለአንድ ነገር ነው፤ የቀይ ቀበሮ ቡችሎችን ፎቶ ለማንሳት።

ቀበሮዎቹ ያሉት ከላይ፣ ጓሳው ውስጥ ነው። ጓሳ ለማያውቀው፣ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ የሚሠራበት ረጅም የደጋ ሣር ነው። እንደ ልብ አይታጨድም። ቄሱ ያወግዙታል፤ ግዝቱ እስኪፈታ ድረስ ማጭድም ከብትም አይገባበትም። ሰው ስለማይረግጠው ቀበሮዋ እዚያ ትወልዳለች። በሰው ግዝት እሷም ተጠብቃ ትኖራለች ማለት ነው።

የጓሳው ጠባቂ አያ ታከለ ነበሩ፤ ከአባታቸው የተረከቡት ሥራ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን ሽማግሌ፣ ከገሳቸውና ከዘንጋቸው ተለይተው አይታዩም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፈረንጁን ትተን ለብቻዬ ይዘውኝ ወጡ። ውርጩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ እየዘገኑ ይሰጡኛል። ጅባራ ከበቀለበት ትልቅ ድንጋይ ስንደርስ ቆሙና በዘንጋቸው ወደ ጓሳው አመለከቱኝ።

«ጉድጓዷ ያውልህ። አንተን ስለማምንህ ነው፣ መምህር» አሉኝ። «እንግዳውም ከዚህ ሆኖ ይይ። ከዚህ ድንጋይ ወዲያ ግን እግር አይለፍ። ሣሩም ግዝት ነው፤ እሷም አራስ ናት።»

«አያ ታከለ፣ ምን በወጣኝ!» አልኳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረንጁ ከድንጋዩ ሥር ተኝቶ ዋለ። የሚታየው ግን ሣር ብቻ ነው፤ አልፎ አልፎ የጆሮ ጫፍ። ቀኑ አልቆ በማግሥቱ ሊሄድ ሆነ። አልለመነኝም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ድንኳኑን ሊነቅል ሲሰናዳ ፊቱን አይቼ አዘንኩለት፤ ከማዘኔ በላይ ደግሞ «ይህ መምህር ባይኖር ኖሮ» እንዲልልኝ ፈለግሁ። ሐሳቡ የእኔ ነበር።

ዕለቱ አስተርዮ ማርያም ነው። አገሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አያ ታከለም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ወርደዋል። እኔ ከአከራዬ ግድግዳ ላይ ማጭዱን ሳላስፈቅድ አወረድኩና ፈረንጁን ይዤ ወጣሁ። ድንጋዩን አለፍን። ጉድጓዱ አፍ አጠገብ ተንበርክኬ ፊቱን የሸፈነውን ጓሳ አጨድኩት፤ ሁለት ሦስት እቅፍ ቢሆን ነው። ከታች የቅዳሴው ድምፅ በነፋስ ተቆራርጦ ይደርሰኛል። እጄ ላይ የቀረው የእርጥብ ሣር ሽታ እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ወደ ኋላ ብለን ተኛን። ከረጅም ጥበቃ በኋላ ሦስቱ ቡችሎች አንድ በአንድ ወጡ፤ ካሜራው ደጋግሞ ቀጭ ቀጭ አለ። ፈረንጁ እጄን ጨብጦ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ኩራት በኩራት ሆንኩ። ቀና ስል እናቲቱን አየኋት። ከበላያችን ካለው ጉብታ ላይ፣ አፏ ላይ አይጥ እንዳንጠለጠለች፣ ወደ እኛ እያየች ቆማለች። እኛ እስክንነሳ ድረስ አልመጣችም።

ፈረንጁ ሄደ። እሷም ቡችሎቿን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ታች፣ ወደ ገብሱ ማሳ ዳር አወረደቻቸው። በሦስተኛው ቀን የመንደር ውሾች ሁለቱን ገደሏቸው። ሬሳቸውን ያገኙት አያ ታከለ ናቸው። ሽቅብ ወጥተው ጉድጓዱን ሲያዩ የታጨደውን ጓሳ አገኙ።

ግዝት ፈርሷልና አገሩ ለአውጫጭ ተጠራ። አውጫጭ ሲባል ሁሉም ተሰብስቦ፣ ተራ በተራ እየማለ፣ ያየውንና የሰማውን የሚናገርበት ሸንጎ ነው። በአደባባይ መናገር የፈራ ለሽማግሌዎቹ በስውር ሹክ ይላል፤ እንዲህ ያለው «ወፍ» ይባላል፣ ስሙም አይወጣም። ቄሰ ገበዙ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጻፍኩ።

«አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ብዋሽ ማርያም ትፍረድብኝ» ይላል አንዱ። እጽፋለሁ። ቀጣዩም እንዲሁ። የአከራዬ ባል ሲምል አቀርቅሬ ጻፍኩ፤ ያጨደው የእሱ ማጭድ ነው። አያ ታከለ ተራቸው ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን እንደነበሩ ተናገሩና «ሣሩስ ይበቅላል፤ የአራሷን ልጆች ማን ይመልስላታል?» ብለው ተቀመጡ። አንዳንዱ ለቀበሮ ማዘናቸው ገርሞት ፈገግ አለ።

ሁሉም ሲጨርስ አንዲት ሴት ከኋላ «መምህሩስ አይምልም?» አለች።

ብዕሬን ከወረቀቱ አነሳሁ።

«ኧረ እሱ ጸሐፊ ነው!» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ደግሞስ መምህር ጓሳ ምን ያደርግለታል? የሚኖረው በሰው ጣሪያ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህችን ሳቅ ከማጨዴ ይልቅ ዛሬም አፍርባታለሁ። ያልሳቁት አያ ታከለ ብቻ ናቸው። ጉድጓዱን ለማን እንዳሳዩ እሳቸው ያውቃሉ። ወፍ ለመሆን አንዲት ሹክታ ትበቃቸው ነበር። አልሆኑም።

ጥፋተኛ ስላልተገኘ ጥፋቱ ጠባቂው ላይ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ጓሳው ለሌላ ጠባቂ እንዲሰጥ ወሰኑ። ውሳኔውን በራሴ እጅ ጽፌ፣ በራሴ አፍ አነበብኩት። አያ ታከለ ፊደል ስለማያውቁ አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለም አስነካሁት፤ ገመድ ሲገምድ የኖረ ሻካራ ጣት ነበር። ወረቀቱ ላይ ሳደርሰው ቀና ብለው አዩኝ።

«አጥብቀህ ያዝ እንጂ፣ መምህር» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «እንዳይደበዝዝ።»

ምናልባት እኔ ከተጋለጥኩ ጉድጓዱን ማሳየታቸውም ይወጣል ብለው ነው ዝም ያሉት እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬአለሁ። ዓይናቸውን ስላየሁ አልተጽናናሁም። የራሩልኝ መስለውኛል፤ እስከ ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

በዓመቱ ዝውውር ጠይቄ ስማዳ፣ ወገዳ ገባሁ። ለሰው የምነግረው አየሩ ስላልተስማማኝ ነው እያልኩ ነበር። ከዓመታት በኋላ ወገዳ ገበያ ላይ ከዚያ አገር ገመድ ይዞ የመጣ ሰው አገኘሁና ስለ አያ ታከለ ጠየቅሁት። «አረፉ እኮ» አለኝ። «ጓሳውን ከተነጠቁ ወዲህ ወደ ላይ አልወጡም። ደጃቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ይውሉ ነበር።» ጉድ የሚያሰኝ ረጅም ገመድ ገዛሁ፤ ምን እንደማደርግበት አላውቅም ነበር።

ከጓሮ ስመለስ ስልኬ ሌላ መልእክት ይዞ ጠበቀኝ።

«አባዬ፣ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ገርሟቸዋል። እኛ ስናነሳ ጓሳው ሁልጊዜ ይጋርደናል። ያኔ እንዴት እንዲህ ቁልጭ ብለው ታዩ?»

ፎቶውን መልሼ ከፈትኩና በጣቴ አሰፋሁት። ከቡችሎቹ እግር ሥር፣ በግራ በኩል፣ የታጨደው ጓሳ ጉቶ ይታያል፤ የተቆረጠበት ገና እርጥብ ነው። ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን ከዚያ በቀር ሌላ አልታየኝም።

በአውጫጩ ዕለት የዘለለኝ ተራ ይኸው ደረሰኝ፤ ጠያቂዋም ልጄ ሆነች። ብዙ ጽፌ አጠፋሁ፣ እንደገና ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ የላክሁላት ይህን ነው፦

«ልጄ፣ ስሜን ከሰሌዳው አውጪው። ጓሳውን ያጨድኩት እኔ ነኝ። የተቀጡት ግን አያ ታከለ የሚባሉ ጠባቂ ናቸው፤ ቅጣታቸውን የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ደውዪልኝ፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።»

ማየቷን ስልኩ ነገረኝ። እስካሁን አልደወለችም።