የጨንቻን ልጆች አንደኛ ምድብ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም። ንስሐ አባቴ ፊት ስቀርብ ሌላ ሌላውን እዘረዝርና ይህችን እዘላታለሁ። የኳስ ነገር ምን ኃጢአት አለው እላለሁ ለራሴ። አለው። ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

አርባ ምንጭ የስፖርት መምህር ነበርኩ። በየዓመቱ የካቲት ላይ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሴቶች የእግር ኳስ ውድድር እናዘጋጅ ነበር። የበረቱት ቡድኖች አንደኛ ምድብ፣ ጀማሪዎቹ ሁለተኛ ምድብ ይገባሉ። ማን የት እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ። አንድ የሙከራ ጨዋታ አይቼ እጽፋለሁ፣ የጻፍኩትም ይጸናል። ለምን እኔ? አያዳላም ተብዬ ነዋ!

በዚያ ዓመት ጨንቻ ላይ አዲስ ቡድን ተቋቋመ። አሰልጣኟ ዘነበች የምትባል ረጋ ያለች መምህርት ነበረች። ከከተማችን ጠንካራውን ቡድን ይዤ ለሙከራ ወጣሁ። ጠመዝማዛውን አቀበት ጨርሰን ከመኪናው ስንወርድ ጉም ነው፣ ብርዱም አጥንት ይገባል። የእኛ የቆላ ልጆች ሩብ ሰዓት ሳይሮጡ ትንፋሽ አጠራቸው፤ አንዷማ ጉልበቷን ይዛ መሃል ሜዳ ላይ ቆማ ቀረች። ጨንቻዎች ሦስት ለባዶ አሸነፉ። ኳስ ስለቻሉ ነው? አይደለም፤ መቀባበል እንኳ ገና አልለመዱም ነበር። ያሸነፈው ደጋው ነው። ይህን እዚያው ሜዳ ዳር ቆሜ አውቄዋለሁ።

እያወቅኩ አንደኛ ምድብ ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። ልጄ ሜሮን ሁለተኛ ምድብ ውስጥ ትጫወት ነበር፣ ለዋንጫውም ቋምጣለች። ጨንቻዎች እዚያ ቢገቡ ሩጫቸው ብቻ ጀማሪን ያስጨንቃል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ዘነበች ቢሮዬ መጣች። ልጆቹ ኳስ ከጀመሩ ገና ወራት መሆኑን፣ ሙቀት እንደማያውቁ በትሕትና አስረዳችኝ።

“መምህር፣ ሁለተኛ ምድብ ያድርጉልን። ልጆቹ ሞራላቸው እንዳይነካብኝ” አለች።

ወረቀቱን አወጣሁና ሦስት ለባዶ የሚለውን በጣቴ አሳየኋት። በገዛ ድሏ አፏን አስያዝኳት። አመስግናኝ ወጣች።

ጨንቻዎች የተጫወቱት አርባ ምንጭ ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። አሥራ አንድ ለባዶ ተሸነፉ። በረኛዋ ብርቱካን የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። ከስድስተኛው ጎል በኋላ ተመልካቹ እየሳቀ ጮክ ብሎ ይቆጥር ጀመር፤ እሷም ኳሱን ከመረቡ ስታወጣ ቀና ማለት ተወች። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ አያለሁ። ተነስቼ ዝም በሉ ማለት አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም፣ ግን አላልኩም። በሳምንቱ ሜሮን ዋንጫ አነሳች፣ እኔም አጨበጨብኩ። ጨንቻ በቀጣዩ ዓመት አልተመዘገበችም፤ ቡድኑ ፈርሶ ነበር።

ይህ ሁሉ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆነው። በቅርቡ ለለቅሶ ጨንቻ ወጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ የምታስተናግድ አንዲት ወጣት እናት ለየችኝ። ብርቱካን ነበረች።

“ጋሼ፣ ያቺ አሥራ አንድ ጎል የገባባት በረኛ እኮ እኔ ነኝ። ቡድናችን በእኔ ምክንያት ፈረሰ” አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። ቀጠለችና “አሁን ልጄ ኳስ ኳስ ስትለኝ፣ ተይው፣ እኛ ቤት ኳስ የሚችል የለም እላታለሁ” አለች።

እኔስ ምን አልኩ? የልጅነት ነገር ነው፣ እርሺው አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ንፍሮዬን ቆረጣጥሜ፣ እግዜር ያጽናችሁ ብዬ መኪና ተሳፈርኩ። ፈሪ ነኝ፤ ያኔም አሁንም።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እናንተን ምን በደልኳችሁ? ይቅር የምትል እሷ ናት። እሷ ግን እስከ ዛሬ የበደላት ሰው መኖሩን እንኳ አታውቅም።