ብርሃን የገባበት መቋሚያ

አባቴ መሪጌታ ናቸው። በዓል በመጣ ቁጥር በጀልባ ሐይቁ ውስጥ ወዳለው የደሴት ቤተ ክርስቲያን ይሻገሩና ማኅሌት ይቆማሉ። ዓምና ቀኝ ጉልበታቸው መክዳት ጀመረ። ይህን ያወቅነው ሲያነክሱ እያየን እንጂ እሳቸው ነግረውን አይደለም። «ምን ሆንሁ!» ይላሉ፤ ወሬው በዚያው አለቀ።

እናቴ አንድ ቀን ሹም አቦ ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን በራፍ ላይ ቆማ፣ «እዚያ ወድቀው ቢቀሩ ማን ያመጣልኛል? ያ ማሽንሽ ጉልበታቸውን ይይልኝ። ከደከመ ጉዞው ይቅር» አለችኝ። አባቴ ማኅሌቱ ከቀረባቸው በምን እንደሚኖሩ ማሰብ እንኳ ከበደኝ።

እናቴ «ማሽንሽ» የምትለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምሠራበትን ፋይበር ሌዘር ነው። ፀጉር የምታህል የመስታወት ክር ናት፤ የሌዘሩ ብርሃን እዚያው ውስጧ ይመነጫል። ክሯ ስትጫን ወይም ስትለጠጥ የብርሃኑ ቀለም ዓይን ከሚያየው ባነሰ መጠን ፈቀቅ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ያንን መስመር አድርጎ ያሳያል። እንጨት ላይ ከተለጠፈች እንጨቱ ስንት ኪሎ እንደተሸከመ ትናገራለች። አባቴ መቋሚያቸውን ምን ያህል እንደሚደገፉት ካወቅኩ፣ ጉልበታቸው ምን ያህል እንደከዳቸውም አውቃለሁ ብዬ አሰብኩ።

መቋሚያውን ለማስፈቀድ አንድ ሳምንት ለመንኳቸው።

«የምትለጥፊበት በሙጫ ነው?»

«በፕላስተር ነው፤ ይነሣል።»

«ቢቃጠልስ?»

«ብርሃን ነው እንጂ እሳት አይደለም፣ አባዬ።»

ለማንም ሳያስይዙ ራሳቸው ወደ ቤተ ሙከራው ይዘውት መጡ። ክሯን ከመቋሚያው ራስ በታች ለጠፍኳት፤ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች እያንጠለጠልኩም መስመሩን በኪሎ አስተካከልኩ። ከዚያ «ማኅሌት ላይ እንደሚቆሙት ይቁሙልኝ» አልኳቸው።

ቆሙ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ክሯ የተበጠሰች መስሎኝ ገመዱን ሁሉ ነካካሁ። ቀና ስል አባቴ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው፣ መቋሚያውን በሁለት ጣት ብቻ ይዘውታል። የገዛ ልጃቸውን ማሽን እየሸወዱት ነው!

«ስንት ይላል?» አሉኝ ኮራ ብለው።

«ባዶ።»

«አየሽ? እኔ ለወጉ ያዝሁት እንጂ መች ተደገፍሁት!»

ተናደድኩ፤ ሳቄም መጣ። በአባቴ መናደድ አልችልበትም። «እሺ፣ እንግዲያው ትንሽ ዜማ ያሰሙኝ» አልኩ።

ዜማ ተጠይቀው እምቢ ብለው አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ዝግ ብለው ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ መቋሚያው ብብታቸው ሥር ገባ፣ ትከሻቸው ወረደ፣ መስመሩም ተነሣ። ዜማው ሲረዝም ይወጣል፣ ትንፋሽ ሲወስዱ ይወርዳል። ከዚያ ክር እንዲህ የሚያምር መስመር አይቼ አላውቅም። ሲወርድ ግን ባዶው ድረስ አይመለስም፤ በየጊዜው ከፍ ካለ ቦታ ይነሣል። ሲጨርሱ የክብደታቸው ግማሽ ያህል መቋሚያው ላይ ነበር።

ዓይናቸውን ገልጠው መስመሩን አዩት።

«ይኼ የእኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለናትሽ ልትነግሪያት ነው?» አሉ ቀስ ብለው። ዕድሜዬን ሙሉ ፈቃድ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ።

«እነግራታለሁ። አብሬዎት እንደምሻገርም እነግራታለሁ።»

«ደጋፊ ይዤ ልገባ?»

«ከጀልባው እስከ ቅጽሩ በር ብቻ።»

መቋሚያቸውን ሳብ አድርገው ጭናቸው ላይ አጋደሙት። እናቴ ግን በዚህ ተስማማች። ደሴቱም ደግነቱ ሴት የሚገባበት ነው።

በሚቀጥለው በዓል ከጀልባው ስንወርድ እጄን ብዘረጋ ገላመጡኝ። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ግን ግራ እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ያውም በሁለት ጣት። ዳገቱ ሲጀምር መዳፋቸው ሙሉ ሆነ።

«ስንት ይላል?» አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ገና ነው አባዬ፣ ትንሽ ይጨምሩ።»

ጨመሩ።